ማሸግ፣ መወተፍ፣ መግጠም፦ የብርቱ ቅዝቃዜ ቫልቭና የአማርኛ የማሸጊያ ቃላት ታሪክ

አንድ ነገር «ታሸገ» ሲባል የፍርድ ቤት ሰው በበር ላይ የተለጠፈ ወረቀትና በወረቀቱ ላይ ያረፈ ማኅተም ይታየዋል፤ ለጠላ ጠማቂዋ አፉ የተመረገ ጋን፣ ለጋራዥ መካኒኩም በሁለት ብረቶች መካከል የገባ ጎማ ይታያቸዋል። ቃሉ ሁሉንም ያለ ብዙ ችግር ሲያገለግል ኖሯል። ችግሩ የሚመጣው ነገሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደሚደርስ ቅዝቃዜ ሲወርድ ነው። በዚያ ሥፍራ ጠብ እንዳይል ሆኖ መታሸግ ያለበት ዕቃና ፈጽሞ መታሸግ የሌለበት ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ «አሸገ» የሚለው ቃል ግን ሁለቱን አይለይም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ለእርማት የቀረበልን አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። ረቂቁ የፈሳሽ ናይትሮጅን መያዣዎችንና የቫልቮችን አያያዝ የሚያስረዳ ሲሆን፣ ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት መጥቀስ ለጉዳያችን አያስፈልግም። በአንዱ ገጽ «የቫልቩን ማኅተም በየጊዜው መርምር» የሚል ዐረፍተ ነገር አገኘን፤ ጥቂት ወረድ ብሎም «የመያዣውን አፍ በማሸጊያው አጥብቀህ አሽግ» ይላል። የመጀመሪያው ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። ሁለተኛው ግን እንደ ተጻፈው ቢፈጸም ሰው ይገድላል። ተርጓሚው ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱም ስሕተቶች ከቃላቱ ታሪክ የተወለዱ ናቸውና ታሪኩን መከተል ይገባል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ፣ የቀድሞው የጂቡቲ ባቡር ወደ ዋና ከተማው ሲገባ ያልፍበት የነበረ አካባቢ እንደ መሆኑ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ጀምሮ የፋብሪካዎች ሰፈር ሆኖ አድጓል። የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ በኋላም የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካዎች ተተክለውበታል። የሠራተኛው የሙያ ቋንቋ ግን ከፋብሪካዎቹ ሁሉ ይቀድማል፤ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የኢጣልያ ወረራ ጊዜና ከዚያም በኋላ በቀሩት የኢጣልያ ባለሙያዎች ጋራዦች አማካይነት የገባ ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ የሚሉት ቃላት ዛሬ እንደ ባዕድ ቃል የሚቆጥራቸው የለም። በሁለት የብረት ገጾች መካከል ገብቶ ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚከለክለው ሥሥ ነገርም በመካኒኩ አፍ ጓርኒሲዮን ነው። መካኒኩ ይህን ዕቃ «ማኅተም» ብሎ ሊጠራው ቀርቶ በሕልሙም አያስበው። እንግዲህ «ማኅተም» ከጋራዥ የመጣ ሳይሆን ከመዝገበ ቃላት የመጣ ነው ማለት ነው።

ግዕዝ «ኀተመ» ሲል መዝጋትንና ምልክት ማድረግን አንድ ላይ ይይዛል። በጥንቱ ዓለም ሰነድም ሆነ ማድጋ የሚዘጋው በሰም ወይም በጭቃ ሲሆን፣ በዚያው ላይ የባለቤቱ ምልክት ይታተምበት ስለነበረ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ነበሩ፤ የአውሮፓ ቋንቋዎችም እንዲሁ በአንድ ቃል ይጠሩዋቸዋል። አማርኛ ግን ሁለቱን ለይቷቸዋል። ማኅተም የምልክቱን ወገን ወሰደ፤ ከዚያም ወደ ኅትመትና ወደ ማተሚያ ቤት አለፈ። የመዝጋቱን ወገን «አሸገ» ወረሰው። ባለሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ፍች በነጠላ ሰረዝ ለያይቶ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ ተርጓሚው ደግሞ መጀመሪያ ያየውን ሲያነሣ፣ ቫልቩ ማኅተም ያለው ባለሥልጣን ይሆናል። በዚያው ረቂቅ የቫልቩ ዘንግ የሚያልፍበት የውታፍ ክፍል «ዕጢ» ተብሎ መተርጎሙን ስናይ የስሕተቱ መንገድ አንድ መሆኑን ተረዳን። በእንግሊዝኛ ሁለቱን አንድ ቃል ስለሚጠራቸው፣ በሐኪም እጅ የነበረ ቃል በስሕተት ወደ ቧንቧ ሠራተኛ እጅ ገባ።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ ማብራሪያ ይሻል። ቃሊቲ ውስጥ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቁሟል። ስሙና አደረጃጀቱ ከዚያ ወዲህ ቢለዋወጥም ሥራው የተመረጡ ኮርማዎችን አባለዘር ማዘጋጀት፣ ማቀዝቀዝና ፈሳሽ ናይትሮጅን እያመረተ ከአባለዘሩ ጋር ወደየክፍለ ሀገሩ ማሰራጨት ነው። የሙያው መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1949 ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ግሊሰሮል የወንዴ ዘር በውርጭ እንዳይሞት እንደሚጠብቀው ባሳወቁ ጊዜ ነው። አባለዘሩ በቀጫጭን ቱቦዎች ሆኖ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ጠልቆ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ናይትሮጅኑ ካለቀ ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ከአዳቃዩ ቴክኒሻንም አልፎ በገበሬው ላይ የሚደርስ ኪሳራ ነው።

«አባለዘር» ስለሚለው ቃል በቅንፍ ያህል አንድ ነገር እንበል። ቃሉ የተሳካ ነው፤ ምክንያቱም ከሥራው ጋር ወደ ገጠር ወርዶ ገበሬው ተቀብሎታል። በሌላ አገባቡ የበሽታ ስም አካል ሆኖ መገኘቱ ግን አልፎ አልፎ ግር ያሰኛል።

ቴክኒሻኑ የሚሸከመው መያዣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1892 አየር አልባ ባለሁለት ግድግዳ ብልቃጥ ከሠራው ከስኮትላንዳዊው ጄምስ ዲዋር ነው፤ የቤታችን ቴርሞስም የዚሁ ዝርያ ነው። ሙቀት በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ በቀላሉ ስለማያልፍ ፈሳሹ ቀስ እያለ ብቻ ይተናል። ቀስ ይበል እንጂ መትነኑን አያቆምም፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ሲለወጥና የክፍሉን ሙቀት ሲያገኝ 700 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የዲዋሩ አፍ መቼም ቢሆን አይታሸግም። በአንገቱ ውስጥ የሚገባው ከቀላል አረፋማ ነገር የተሠራው መክደኛ ልል ሆኖ፣ ጋዙ በጎኑ እየተነፈሰ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው። ትጉህ ሠራተኛ መመሪያውን አንብቦ፣ «ማሸጊያ» የተባለው ዕቃ በደንብ አለመግጠሙን አይቶ፣ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ቢያጠብቀው መያዣውን ቦምብ አደረገው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንበለው? በመጀመሪያ «ውታፍ» የሚለውን አስበን ነበር፤ ጥሩ አማርኛ ነው። ነገር ግን «ወተፈ» ቀዳዳን ምንም እስከማያሳልፍ መድፈን ነውና የምንሸሸውን ትርጉም መልሶ ያመጣብናል። «ግጣም» የድስት ክዳን ቢሆንም ሥሩ «ገጠመ» ስለሆነ አንባቢው ልክክ ብሎ እንዲዘጋ ይጠብቃል። «ከደነ» ግን እንደዚህ አይደለም። ክዳን ከአቧራና ከዝንብ ይጠብቃል፤ እንፋሎትን አያስርም። እንጀራ የምትጋግር ሴት አክንባሎውን ስትከድን እንፋሎቱ በዙሪያው ሲወጣ እያየች ነው፤ ያ መውጣቱም ከሥራው የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በረቂቁ ላይ «ልል ክዳን» ብለን ጽፈን፣ «አሽግ» የሚለውን ግሥ «ክደን፤ አታጥብቅ» በሚለው ተክተነዋል።

የዲዋሩ ነገር ይህ ሲሆን፣ ናይትሮጅኑን የሚያመርተው መሣሪያና ከታንክ ወደ ታንክ የሚያስተላልፈው ቧንቧ ጠባይ ፍጹም ተቃራኒ ነው። በዚያ ያሉት ቫልቮች መዝጋት አለባቸው። የሾለከ ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም ስለሌለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ የኦክስጅኑን ቦታ ይወስድና ሰው ሳይሰማው ይወድቃል። ፈሳሽ ኦክስጅን በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ሾልኮ ዘይት ወይም ቅባት ያለበት ነገር ላይ ቢደርስ እሳት ያስነሣል።

እዚህ ላይ «ሾለከ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። ረቂቁ በየቦታው «ያፈሳል» ይል ነበር። ጣራ ያፈሳል፤ እንስራ ያፈሳል፤ የሚወጣው ነገር ይታያል፣ ከታችም ዕቃ ይደቀንለታል። ከቫልቭ አንገት የሚወጣውን ናይትሮጅን ግን ዓይን አያየውም፤ የሚታየው ነጭ ጉም ራሱ ናይትሮጅን ሳይሆን በቅዝቃዜው የተጠጠረ የአየር እርጥበት ነው። ጉሙ ሳይታይም መውጣት ሊኖር ይችላል። «ሾለከ» በአጥር ቀዳዳ ለሚያመልጥ ከብት፣ በሕዝብ መካከል ለሚሰወር ሌባ፣ በቅርብ ጊዜም ለምስጢር የሚነገር ነው፤ ሳይታዩ በጠባብ መውጣትን ያመለክታል። ስሙንም «ጐደለ» ብሎ «ጉድለት» በሚለው አርአያ «ሹልከት» ብንለው ለጆሮ የሚከብድ አይመስለንም። እንግዲህ ውኃ ያፈሳል፣ ጋዝ ይሾልካል።

ቅዝቃዜውን ራሱን በምን ስም እንጥራው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ከግሪክ «ክርዮስ»፣ ማለት ውርጭ፣ ከሚለው ቃል የሙያውን ስም አውጥተዋል። ሙያው የተወለደው በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ካዬቴ በፈረንሳይ፣ ፒክቴም በስዊስ ኦክስጅንን ለጥቂት ጊዜ ጠብታና ጉም አድርገው አሳዩ፤ በ1883 በክራካው ከተማ ቭሩብሌቭስኪና ኦልሼቭስኪ በዕቃ ውስጥ የሚቀመጥ ፈሳሽ አደረጉት፤ በ1895 ጀርመናዊው ሊንደ አየርን በብዛት የሚያፈስ መሣሪያ ሠራ፤ በ1908 ካመርሊንግ ኦነስ በላይደን ሂሊየምን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ አደረገ። ዛሬ ሙያው ድንበሩን ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች በ150 ዲግሪ ላይ ያቆማል።

አማርኛ በቅዝቃዜ ቃል ድኻ አይደለም። ብርድ፣ ቁር፣ ውርጭ፣ አመዳይ፣ በረዶ፣ እጅን የሚያደነዝዘው ቆፈን፣ ከግዕዝም አስሐትያና ሐመዳ አሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም በዜሮ ዲግሪ አካባቢ የሚኖሩ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር በአቃቂ ሜዳ ላይ የሚወርደው ውርጭ ለገበሬው ብርቱ ነው፤ ከፈሳሽ ናይትሮጅን አንጻር ግን እንደ ምድጃ ይቆጠራል፤ ናይትሮጅኑ በዚያ ውርጭ ላይ ቢፈስ ይንተከተካል። «እጅግ ዝቅተኛ ሙቀት» የሚለው የተለመደ አነጋገር ደግሞ በንባብ ይደናቅፋል፤ ምክንያቱም «ሙቀት» በአማርኛ መሞቅንም የመሞቅን ልክም ስለሚያመለክት፣ አንባቢው ጥቂት የሞቀ ነገር አድርጎ ያስበዋል። «መጠነ ሙቀት» የሚለው ይህን ለመለየት የተፈጠረ መልካም ቃል ነው። እኛ ለራሱ ለክልሉ «ብርቱ ቅዝቃዜ»ን መርጠናል። «ዐቢይ ቁር» የሚል ሐሳብ ያቀረቡ የሥራ ባልደረባ ነበሩ፤ ጆሮ ይስባል፣ ግን የጸሎት መጽሐፍ ሽታ አለው።

ወደ ቫልቩ እንመለስ። ጎማ ለስላሳና ተለጣጭ በመሆኑ የማሸጊያዎች ሁሉ ንጉሥ ነው፤ ሲጫኑት ገብቶ ሲለቁት ይመለሳል። ሲቀዘቅዝ ግን ይህን ጠባዩን ያጣና እንደ መስተዋት ይሰበራል፤ ብዙዎቹ ጎማዎች ናይትሮጅን ሳይደርሱ ገና ከዜሮ በታች በጥቂት አሥር ዲግሪዎች ላይ ያበቃላቸዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር ሰባት ሰዎች ይዛ የጠፋችው የጎማ ቀለበት በማለዳ ብርድ ደንዝዞ የጋለ ጋዝ ስላሾለከ ነው። ያ ብርድ ውኃ ከሚረጋበት ልክ ብዙ የራቀ አልነበረም። የፊዚክስ ሊቁ ፋይንማን በምርመራው ጉባኤ ፊት የቀለበቱን ቁራጭ በበረዶ ውኃ ነክሮ ባሳየ ጊዜ ነገሩን ለመረዳት መዝገበ ቃላት የፈለገ አልነበረም።

በጎማ ፋንታ ብዙውን ጊዜ የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1938 የተገኘው ቴፍሎን ነው። እርሱም ነውር አለበት፤ ከብረት ይልቅ ይኰማተራል። ከክፍል ሙቀት እስከ ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲወርድ ቴፍሎን ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ሲያጥር፣ የማይዝገው ብረት ግን ከሺህ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ያጥራል። መቶ ሚሊሜትር ስፋት ያለው የቴፍሎን ቀለበት ሁለት ሚሊሜትር ሲሰበሰብ፣ የተቀመጠበት ብረት አንድ ሦስተኛ ሚሊሜትር እንኳ አይሰበሰብም፤ በመካከሉ የሚፈጠረው ክፍተት ነው ሹልከት የሚሆነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ከቀለበቱ ጀርባ ስፕሪንግ አስገብተው እያጠረ ሲሄድ እንዲገፋው ያደርጋሉ።

ሌላው ብልኀት ማሸጊያውን ከቅዝቃዜው ማራቅ ነው። የቫልቩ አካል በቅዝቃዜ ውስጥ ሳለ፣ ዘንጉ የሚያልፍበት ክፍል እንደ ገንቦ አንገት ረዝሞ ወደ ላይ ይወጣል። በአንገቱ ውስጥ ፈሳሹ ተንኖ ጋዝ ይሆንና እንደ ብርድ ልብስ ቅዝቃዜውን ከታች ይዞ ያስቀረዋል፤ ከላይ ያለው ማሸጊያ በአካባቢው ሙቀት ይኖራል። ቫልቩም ቀጥ ብሎ ወይም ከዚያ ብዙ ሳያዘነብል መተከል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቢጋደም ፈሳሹ ወደ አንገቱ ይገባል። ረቂቁ ይህን ክፍል «ባርኔጣ» ብሎታል፤ የባዕዱ ቃል በእርግጥ የራስ መሸፈኛ ስም ነው። እኛ «ባለረጅም አንገት ቫልቭ» ብለን አርመናል። ከአንገቱ ጫፍ ባለው ጉድጓድ ውስጥ በዘንጉ ዙሪያ እየተጠቀጠቀ የሚታሰረውን ደግሞ «ውታፍ»፣ ጉድጓዱን «የውታፍ ቤት» ብለነዋል። ለዲዋሩ የነፈግነውን ቃል እዚህ ስንሰጥ የትርጉሙ ክብደት ነው የመራን፤ በዚህ ቦታ መወተፍ ያስፈልጋልና።

ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ብቻውን የሚዘጋበት ቫልቭም አለ። ለዚህ «ማሸጊያ» የሚለው ቃል ራሱ አያስፈልግም፤ የገባ ሦስተኛ ነገር የለምና። አማርኛ ሁለት ነገሮች ያለ ትራፊ ሲገናኙ «ገጠሙ» ወይም «ግጥም አሉ» ይላል፤ ቅኔ ያልሆነውን የአማርኛ ስንኝ ግጥም ያሰኘውም ይኸው የመገናኘት ሐሳብ ነው። የሚገጥሙት ሁለት ገጾች በደቃቅ ዱቄት እርስ በርሳቸው ይፋቃሉ። ይሁንና ከተለመዱት የማይዝጉ ብረቶች አንዳንዶቹ በብርቱ ቅዝቃዜ የውስጥ አሠራራቸው በከፊል ስለሚለወጥ ጥቂት ያብጣሉ፣ ይጣመማሉም። በጥንቃቄ የተፋቀ ገጽ በመጀመሪያው ቀን አገልግሎት መግጠሙን ያጣል። መድኃኒቱ ከመጨረሻው መፋቅ በፊት ክፍሎቹን በፈሳሽ ናይትሮጅን ነክሮ፣ የሚጣመሙትን ያህል አስቀድመው እንዲጣመሙ ማድረግ ነው። በቧንቧው ውስጥ የቀረች የውኃ እርጥበትም በመቀመጫው ላይ ትረጋና እንደ አሸዋ ቅንጣት በሁለቱ ገጾች መካከል ትቆማለች፤ ስለዚህ መስመሩ አስቀድሞ በደረቅ ጋዝ ይጠረጋል። በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መካከል የታሰረ ፈሳሽ ደግሞ እንደ ታሸገው ዲዋር ነው፤ መተንፈሻ ቫልቭ ሊደረግለት ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር ስናነጻጽረው የአረቄ ቤት ቃላት ለምን ወደ መዝገቡ እንዳልገቡ ይገርመናል። አረቄ አውጪዋ እሳት ላይ የጣደችውን ማሰሮና እንፋሎቱ የሚያልፍበትን መቃ ስታጋጥም፣ መጋጠሚያውን በጭቃ ወይም በሊጥ ትመርገዋለች። ምርጊቱ ከተሰነጠቀ አረቄው ተንኖ ያልቃል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ዓይኗን አትነቅልም። ሸክላና መቃ በእሳት እኩል እንደማይሰፉ ታውቃለች። ቴፍሎንና ብረት በቅዝቃዜ እኩል አለማጠራቸው የዚሁ ግልባጭ ነው። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ አካዳሚ ተቋቁሞ፣ ከለውጡ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆኖ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ሥራ ሲያካሂድ፣ መነሻው በአብዛኛው የእንግሊዝኛ ዝርዝር ነበር። ከዝርዝር የሚነሣ ሰው ማድቤቱን አያይም፤ ይህን የምንለው ራሳችንንም ጨምረን ነው።

ሳንወስነው የቀረ አንድ ቃል አለ። በጣም አስተማማኝ የሆኑት ቫልቮች ዘንጉን የሚከብብ፣ ከሥሥ ብረት የተሠራ ደራርቦ የታጠፈ ቱቦ አላቸው፤ ቱቦው ከላይና ከታች ተበይዶ፣ ዘንጉ ሲወጣና ሲወርድ ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል፤ በዘንጉ ዙሪያ ሹልከት የሚያልፍበት ክፍተት አይኖርም። ባዕዱ ቃል የቀጥቃጩ ወናፍ ስም ነው፤ ረቂቁም «ወናፍ» ብሎታል። በቅርጹ ይስማማል፤ በሥራው ግን ወናፍ ነፋስን ሲያስወጣ፣ ይህ ነፋስን ይከለክላል። ከባልደረቦቻችን አንዱ «እጥፋት» ይበቃል ይላሉ። እኛ ወናፍን በረቂቁ ላይ ሳንሰርዝ፣ በእርሳስ አስምረን መልሰነዋል።